ክላውድ ታስክስ ላኪውን ሲጠራ 403 ይመጣል፤ ለአንዳንዶች ደግሞ ኤስኤምኤሱ ሁለት ጊዜ ደርሷል

ጅሁር_07 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላለ የገበሬዎች ዩኒየን የሚሠራ ሲስተም ነው። አባላቱ 3,600 ናቸው፤ ሞረትና ጅሩ 1,800፣ ባሶና ወራና 1,000፣ አንጎለላና ጠራ 800። የስንዴና የባቄላ መረከቢያ ቀንና ዋጋ በኤስኤምኤስ ይነገራቸዋል።

ዋናው አፕሊኬሽን ክላውድ ራን (ኮድን በጎግል ሰርቨሮች ላይ የሚያሠራ አገልግሎት) ላይ ነው። ማስታወቂያ ሲጻፍ ለየወረዳው አንድ አንድ ታስክ (የሥራ ትእዛዝ) ክላውድ ታስክስ በሚባለው የጎግል የሥራ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ወረፋው «ላኪ» የሚባለውን ሌላ የክላውድ ራን ሰርቪስ በኤችቲቲፒ ፖስት ይጠራዋል። ላኪው የወረዳውን ዝርዝር አውጥቶ ለእያንዳንዱ አባል ወደ ኤስኤምኤስ ጌትዌዩ (መልእክቱን ለስልኮች የሚያደርሰው አገልግሎት) ይልካል። ጌትዌዩ በሰከንድ ከ5 በላይ ስለማይቀበል በየመልእክቱ መካከል 200 ሚሊሰከንድ እረፍት አለ። ወረፋውም በአንድ ጊዜ አንድ ታስክ ብቻ ያወጣል።

ባለፈው ሳምንት ላኪው ለማንም ክፍት ነበር። ያኔ መልእክቱ ለብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ደረሰ፤ ወረፋውን ፖዝ አድርጌ ነው ያስቆምኩት። ከዚያ ላኪውን በማረጋገጫ ዘግቼ አዲስ ወረፋ ከፈትኩ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ታስክ 403 (አልተፈቀደም) ነው። ሌላው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲደርስ የተቀጠረው መልእክት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው የደረሰው። ከዚህ በተጨማሪ ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ የመጋዘን መዝገብ የያዘ ሰርቨር አለ፤ እሱንም ከወረፋ መጥራት ይፈለጋል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ሰርቨሩም ይጠፋል። ከየቱ ልጀምር?

ታርማበር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

ከ403ቱ ጀምር፤ መጀመሪያ ግን ከየት በር እንደመጣ ለይ። ታስኩን ስትፈጥር ከራሱ ከክላውድ ታስክስ ኤፒአይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ከተመለሰ፣ ታስኩ ወረፋው ውስጥም አልገባም። ታስኩ ገብቶ ወረፋው ላኪውን ሲያንኳኳ የተመለሰ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የወረፋው ሎግ ሲፈጠር ዝግ ነው፣ የሎግ ሳምፕሊንግ ሬሾው 0 ነው። ወደ 1.0 ብታወጣው እያንዳንዱ ሙከራ ከነኮዱ ይታይሃል። ስትጨርስ መልሰህ አውርደው፣ ሎግም ያስከፍላል።

እስከዚያ አንድ ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ የደረሳቸው የሞረትና ጅሩ ሰዎች ብቻ ናቸው? ከዝርዝሩ ጫፍ ያሉትስ ጭራሽ ያልደረሳቸው የሉም?

ጅሁር_07 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እንዴት አወቅክ? የሞረትና ጅሩ ብቻ ናቸው። በዝርዝሩ እስከ 1,070 አካባቢ ያሉት ሁለት ሁለት ጊዜ ደርሷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያሉት አንድም አልደረሳቸውም።

403ቱ ላኪው ሎግ ላይ ነው ያለው፤ ታስኩ ያለ ችግር ይገባል።

ታርማበር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከት። የክላውድ ራን ነባሪ የሪኩዌስት ጊዜ 300 ሰከንድ ነው። 300ን ለ1,070 ብታካፍል ለአንድ መልእክት 0.28 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ 200 ሚሊሰከንዱ ያንተ እረፍት ነው፣ 80ው የጌትዌዩ ጥሪ። ሞረትና ጅሩን ለመጨረስ 504 ሰከንድ ያስፈልግ ነበር። 300 ላይ ተቆረጠ፣ ለወረፋው 504 የሚል የስህተት ኮድ (ጊዜው አልቋል) ተመለሰለት፣ ታስኩን እንዳልተሠራ ቆጥሮ ከመጀመሪያው ሰው እንደገና አስጀመረው። ሁለተኛውም እዚያው 300 ላይ ተቆረጠ። የወረፋው ነባሪ የሙከራ ብዛት 100 ስለሆነ ፖዝ ባታደርገው ኖሮ እነዚያ 1,070 ሰዎች ስልካቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድር ነበር።

የባሶና ወራናው 1,000 ሰው 280 ሰከንድ ወስዷል ማለት ነው፤ በ20 ሰከንድ ነው ያመለጠ። ሰባ ሰማንያ አዲስ አባል ቢመዘገብ እሱም ይደገም ነበር።

የክላውድ ራኑን ጊዜ ማስረዘም መፍትሔ እንዳይመስልህ። እሱን እስከ 60 ደቂቃ መዘርጋት ይቻላል፣ ነገር ግን የታስኩ የራሱ ዲስፓች ዴድላይን አለ፤ ነባሪው 10 ደቂቃ፣ ትንሹ 15 ሰከንድ፣ ትልቁ 30 ደቂቃ። ከሁለቱ ያጠረው ይቆርጥሃል። ዴድላይኑ ሲያልፍ ወረፋው መልስ መጠበቁን ይተዋል እንጂ አንተ ጋ ያለውን ኮድ አይገድለውም። ጉኒኮርንህ (የፓይተን ድር ሰርቨሩ) ላይ የወርከር ታይምአውት (ያልጨረሰ ወርከር የሚገደልበት ጊዜ) ስንት ነው?

ጅሁር_07 · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ሲንክ ወርከር ነው፣ 300 ላይ ነው።

ታርማበር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:01

እሱ ነው ያዳነህ። ወርከሩ ባይገደል ኖሮ አሮጌው ዙር ሳይሞት አዲሱ ይጀምርና ሁለቱ ጎን ለጎን በሰከንድ ወደ 7 ይልኩ ነበር። ያኔ ጌትዌዩ ይከለክላል፣ ማን ደረሰው ማን አልደረሰው የሚለውም ከሎግ አይለይም።

የእነዋሪዋ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

የ403ቱን እኔ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚደናቀፈው። ሦስት ማንነቶች አሉ፣ ለየብቻ ያዛቸው።

ታስኩን የሚፈጥረው የዋናው አፕሊኬሽን ሰርቪስ አካውንት (ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚጠቀምበት መለያ) አለ። እሱ «ክላውድ ታስክስ ኤንኪወር» የሚባለው ሮል (ፈቃድ) ያስፈልገዋል። በታስኩ ላይ ቶከን (የማንነት ማረጋገጫ ወረቀት) የሚወጣበት ሁለተኛ ሰርቪስ አካውንት አለ፤ «የወረፋ ጠሪ» በለው። እሱ ላኪው ላይ «ክላውድ ራን ኢንቮከር» ይኑረው፣ ከዚያ ሌላ ምንም አይኑረው። በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ድልድይ አለ፤ ፈጣሪው በጠሪው ስም መሥራት እንዲችል በጠሪው ላይ «ሰርቪስ አካውንት ዩዘር» ሊሰጠው ይገባል። ይሄ ከጎደለ ታስኩ ሲፈጠር ነው የሚወድቀው፣ ሲላክ አይደለም። ሦስተኛው የክላውድ ታስክስ የራሱ ሰርቪስ ኤጀንት ነው። ኤፒአዩን ስታበራ ሮሉ አብሮት ይመጣል፤ አንድ ሰው «ይሄ ምንድን ነው» ብሎ ከአይኤኤም (የፈቃዶች) ገጹ ላይ ከሰረዘው ግን ቶከን ማውጣት ይቆማል።

ከዚያ ታስኩ ውስጥ ኦአይዲሲ (ጠሪው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ) ቶከን ጨምር። ኦኦዝ አይደለም። ኦኦዝ የጎግልን የራሱን ኤፒአዮች ለመጥራት ነው፤ ለክላውድ ራንም ሆነ ለራስህ ሰርቨር ኦአይዲሲ ነው። አሁን 403 የሚልህ ያለ ቶከን ስለምትሄድ ወይም ጠሪው ኢንቮከር ስላልሆነ ነው።

ጅሁር_07 · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

አመሰግናለሁ እህቴ፣ እንዳልሽው አደረግኩ። 403ቱ ጠፋ፣ አሁን ግን 401 ሆነ። ታስኩ ላይ ያለው አድራሻ የራሳችን ዶሜይን ነው።

የእነዋሪዋ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ወደፊት ሄደሃል። 403 «አውቅሃለሁ ግን አልተፈቀደልህም» ወይም «ማን ነህ፣ ወረቀትህስ የታለ» ነው። 401 ሲሆን ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ለእኔ የተጻፈ አይደለም» እያለህ ነው። ኦዲየንስ የሚባለውን፣ ቶከኑ ለማን እንደተጻፈ የሚናገረውን መስክ ባዶ ትተኸዋል፤ ባዶ ሲሆን ሙሉው የታስኩ አድራሻ ከነመንገዱ ኦዲየንስ ይሆናል። ክላውድ ራን ደግሞ የሚያውቀው ራሱ የሰጠህን፣ በ«ራን ዶት አፕ» የሚያልቀውን አድራሻ ነው። ኦዲየንሱን በእጅህ ወደዚያ ቀይረው፣ ወይም ዶሜይናችሁን ላኪው ላይ እንደ ከስተም ኦዲየንስ መዝግበው።

እኔ ብሆን ለወረፋው ዶሜይኑን ጭራሽ አልጠቀምም፣ በቀጥታ የራን ዶት አፑን አድራሻ እሰጠዋለሁ። ላኪውን የሚጠራው ወረፋው ብቻ ነው፣ ቆንጆ ስም ለማን? ጥቅምም አለው፤ የላኪውን ኢንግረስ (ከየት የመጣ ጥሪ እንደሚገባ የሚወስነውን ሴቲንግ) «ኢንተርናል» ብታደርገው፣ በዚያው ፕሮጀክት ያለ የክላውድ ታስክስ ወረፋ እንደ ውስጥ ሰው ተቆጥሮ ይገባል፣ በራን ዶት አፑ አድራሻ እስከጠራ ድረስ። በዶሜይኑ ከመጣ በሩ ይዘጋበታል፣ የሚመለሰውም 404 ነው። 404 ሲያዩ መንገዱን ተሳስቼ ጻፍኩ እያሉ ግማሽ ቀን ኮድ የሚያገላብጡ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታስኩ ሲመጣ የወረፋውን ስም፣ የታስኩን ስም፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ የሚናገሩ፣ «ኤክስ-ክላውድታስክስ» ብለው የሚጀምሩ ሄደሮች አብረውት ይመጣሉ። ለሎግ ጥሩ ናቸው፣ ለጥበቃ ግን እንዳትተማመንባቸው፤ ክፍት አድራሻ ላይ ማንም ሰው ያንኑ ሄደር ጽፎ መላክ ይችላል።

ቀይት_60 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ልጆቼ፣ ለ3,600 መልእክት ይሄ ሁሉ ሮልና ቶከን ምን ያደርጋል? አንድ ሰንጠረዥ፣ በየደቂቃው የሚነሳ ክሮን፣ «ያልተላከ» የሚለውን 250 ሰው አውጥቶ መላክ፣ የተላከውን ምልክት ማድረግ። በ15 ደቂቃ ያልቃል። ሲበላሽም ሰንጠረዡን አይቶ ማንም ያስተካክለዋል።

ታርማበር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ለዚህ ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን እኔም ክሮኑን እመርጥ ነበር። ሰንጠረዡማ ወረፋ ቢኖርም አይቀርም፣ ከታች እመጣበታለሁ። ክሮኑ የሚያስቸግረው የአንዱ ደቂቃ ሥራ ሳያልቅ ሁለተኛው ሲነሳ ነው፤ ሁለቱ ያንኑ 250 ሰው እንዳያወጡ ረድፎቹን መቆለፍ አለብዎት። ጌትዌዩ ለ10 ደቂቃ ሲዘጋም ማን እንደገና ይሞከር፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚለውን ራስዎ ይጽፉታል። እነሱ ደግሞ የቢሮውን ሰርቨርም መጥራት ይፈልጋሉ፤ ያን ጊዜ የሪትራዩ ኮድ ሁለት ቦታ ሊሆን ነው።

ቀይት_60 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:03

ረድፍ መቆለፍ እንኳ ቀላል ነበር። ግን ይሁን፣ የቢሮውን ሰርቨር አላየሁትም ነበር። ቀጥሉ።

ታርማበር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ጅሁር፣ አሁን ላኪውን ፍታው። ለየወረዳው ሳይሆን ለእያንዳንዱ አባል አንድ ታስክ ይሁን። ላኪው ውስጥ ያለውን ዙርና የ200 ሚሊሰከንዱን እረፍት አውጣ፤ ፍጥነቱን ወረፋው ይያዝ። የሴቲንጎቹን ስም እንደሚነበቡ እጽፋለሁ፦ «ማክስ ዲስፓቸስ ፐር ሰከንድ» (በሰከንድ የሚወጣው) 5፣ «ማክስ ኮንከረንት ዲስፓቸስ» (በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ ያለው) 10። 3,600ን ለ5 ስታካፍል 720 ሰከንድ፣ 12 ደቂቃ ይሆናል።

10 የሚለውን እንዲያው አልጻፍኩትም። ጌትዌዩ ደክሞት አንዱ ጥሪ 2 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰከንድ 5 ለማውጣት በአንድ ጊዜ 10 ጥሪ በአየር ላይ መኖር አለበት። ያንተ 1 እንዳለ ብትተወው በ2 ሰከንድ አንድ መልእክት፣ 7,200 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ይፈጃል። ነባሪው ደግሞ 1,000 ኮንከረንትና በሰከንድ 500 ነው፤ እሱን ከተውከው ጌትዌዩን ታጥለቀልቀዋለህ።

ታስኮቹን በአንድ ጥሪ በጅምላ መፍጠር አይቻልም፣ አንድ በአንድ ነው። አንዱ 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 3,600ው በተርታ 180 ሰከንድ ነው፣ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ገጹ እየዞረበት ይጠብቃል። ስለዚህ መጀመሪያ 36 «በታኝ» ታስክ አስገባ፣ እያንዳንዱ የ100 አባል ታስክ ይፍጠር። በታኙና አባል ታስኩ ለየወረፋቸው ይሁኑ፣ አለዚያ በታኙም በ5ቱ ፍጥነት ውስጥ ተሰልፎ ይጠብቃል።

ታስኩን ስም ስጠው። ከማስታወቂያው ቁጥርና ከአባሉ ቁጥር የወጣ ስም ከሆነ፣ በታኙ ቢደገም እንኳ ሁለተኛው ፍጠራ «አልሬዲ ኤግዚስትስ» ብሎ ይመለሳል። እሱን እንደ ስኬት ቁጠረው። ስሙ በተከታታይ ቁጥር እንዳይጀምር ግን ከስሙ ሀሽ (የተበታተነ ኮድ) አውጥተህ ፊት ላይ ለጥፍ፤ ተከታታይ ስም ወረፋውን ያዘገየዋል። ያለቀ ታስክ ስምም ወዲያው ነፃ አይሆንም፣ ስለዚህ ሆን ብለህ ደግመህ ለመላክ ስትፈልግ የማስታወቂያውን ቁጥር ቀይር።

ሞላሌ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ስም መስጠት ድርብ ፍጠራን ነው የሚከለክል፣ ድርብ አቅርቦትን አይደለም። ክላውድ ታስክስ የሚገባልህ ቃል «ቢያንስ አንድ ጊዜ አደርሳለሁ» ነው። አብዛኛውን በእርግጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያደርሳል፣ ግን ላኪህ ሁለተኛውን እንዲያውቀው ሆኖ መጻፍ አለበት።

ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ላይ ሰንጠረዥ፦ የማስታወቂያ ቁጥር፣ የአባል ቁጥር፣ ሁኔታ፣ ሰዓት። በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ዩኒክ ቁልፍ (ጥንዱ እንዳይደገም የሚከለክል)። ላኪው መጀመሪያ ረድፉን «ጀምሯል» ብሎ ያስገባል፤ ቁልፉ ከተጋጨና ሁኔታው «ተልኳል» ከሆነ ምንም ሳይሠራ 200 ይመልሳል። ካልሆነ ጌትዌዩን ይጠራና «ተልኳል» ይላል።

ቀዳዳው ግን አለ። ጌትዌዩ ተቀብሎ፣ «ተልኳል» ሳይጻፍ ኮንቴይነሩ ቢወድቅ ረድፉ «ጀምሯል» እንዳለ ይቀራል። ጌትዌዩ ከደንበኛው የሚሰጥ መለያ ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ያንኑ የታስክ ስም ስጠው፣ ድርቡን እሱ ይጥለዋል። የማይቀበል ከሆነ ምርጫው ያንተ ነው፤ «ጀምሯል» ያለውን ደግመህ ከላክህ አንዳንዱ ሁለቴ ይደርሰዋል፣ ከተውከው አንዳንዱ ሳይደርሰው ይቀራል። ለመረከቢያ ቀን ሁለቴ ቢደርስ ማንም አይሞት። ነገ ክፍያ በዚህ መንገድ ስታደርጉ ግን ተቃራኒውን ምረጡ።

የመልስ ኮዱም ላይ ጥንቃቄ። ለወረፋው ከ200 እስከ 299 ያለው ብቻ ነው «ተሠርቷል»። ሌላው ሁሉ ይደገማል፣ 400ም ጭምር። ስልክ ቁጥሩ 9 አሃዝ ብቻ የሆነ አባል መቶ ጊዜ ቢሞከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እንዲህ ያለውን «አይላክም» በሚል ሁኔታ ሰንጠረዡ ላይ ጽፈህ 200 መልስ። ክላውድ ታስክስ የወደቁትን የሚያጠራቅም የራሱ የሬሳ ወረፋ የለውም፤ ሙከራው ሲያልቅ ታስኩ ይሰረዛል፣ አሻራውን ካላስቀመጥክ ጠፋ።

429ን እና 503ን ደግሞ በአንድ ሰው ችግር አትመልስ። ወረፋው እነዚህን ሲያይ አፕሊኬሽኑ ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል ብሎ የመላውን ወረፋ ፍጥነት ይቀንሳል። ጌትዌዩ በሙሉ ሲዘጋ 503 ልክ ነው። ለአንድ ሰው ጊዜያዊ ችግር 500 በቂ ነው።

የእነዋሪዋ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:02

መልእክቱ ስንት ፊደል ነው? በግእዝ ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ በአንድ ክፍል 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ካለፈ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። ባዶ ቦታውም አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ጌትዌዩ «በሰከንድ 5» ሲል መልእክት ይሁን ክፍል ይሁን ጠይቅ፤ ክፍል ከሆነ ሒሳባችሁ ሁሉ ይቀየራል።

ጅሁር_07 · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

148 ፊደል ነው። ጠየቅኩ፣ የሚቆጥሩት በክፍል ነው አሉ።

የእነዋሪዋ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:44

148 ማለት 3 ክፍል ነው። 10,800 ክፍል በ5 ሲካፈል 2,160 ሰከንድ፣ 36 ደቂቃ። ፍጥነቱ ክፍልፋይ ስለሚቀበል 1.6 ማድረግ ትችላለህ። ከዚያ የሚሻለው ግን ጽሑፉን ከ70 በታች ማውረድ ነው፤ «ውድ የዩኒየናችን አባል ሆይ» የሚለው ይቅር፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ እህሉና ዋጋው ይበቃል። ሂሳቡም በሦስት እጥፍ ይረክሳል።

ሌላ፦ የታስኩ ቦዲ ሲኖር «ኮንቴንት ታይፕ» ካልጻፍክ ነባሪው ጄሰን አይደለም፣ «ኦክቴት ስትሪም» ነው። ፍላስክም ኤክስፕረስም ቦዲውን እንደ ጄሰን አያነቡልህም፣ አንተም ወረፋው ሳይልክ የቀረ ይመስልሃል። በሬስት በቀጥታ ስትፈጥር ቦዲው ቤዝ 64 መሆን አለበት። አማርኛው ቦዲ ውስጥ ይሁን፣ ሄደር ውስጥ ግእዝ አታስገባ።

አንኮበር_ኔት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:35

የሰዓቱ ጉዳይ ተረሳ። የታስኩ መውጫ ሰዓት፣ «ስኬጁል ታይም»፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፈረንጁ 8:00 ነው፤ አንተ 8:00 ብለህ የዩቲሲ ምልክት ለጠፍክበት፣ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ በእኛ 5 ሰዓት ላይ ወጣ። አቋራጩ፦ ለቀን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ጨምር፣ ለማታና ለሌሊት 15 ጨምር፣ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንስ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት 5:00 ዩቲሲ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት 16:00 ዩቲሲ ነው። ኮድ ውስጥ ግን በእጅ አትደምር፣ «አፍሪካ አዲስ አበባ» የሚለውን የሰዓት ቀጠና ስጥና ላይብረሪው ይለውጠው።

ታስክ ወደፊት መቀጠር የሚቻለው እስከ 30 ቀን ነው። «በሚቀጥለው ወር በዚሁ ቀን» የሚል ቁልፍ ካላችሁ በእኛ ወር ልክ 30 ቀን ስለሆነ ጠርዝ ላይ ነው። ከነሐሴ 10 ወደ መስከረም 10 ከሆነ ግን ጳጉሜን ትገባና 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፣ ታስኩ አይፈጠርም። ለሩቅ ቀጠሮ ቀኑን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጡና በየማለዳው ክላውድ ስኬጁለር የዕለቱን ብቻ ወደ ወረፋው ያስገባ።

አሁን ወደ ቢሮው ሰርቨር። ክላውድ ታስክስ ሰርቨሩን የሚያገኘው ከውጭ በሚታይ አድራሻ ነው። ቋሚ የሕዝብ አይፒ፣ ዶሜይን፣ 443 ፖርት፣ የታወቀ አካል የፈረመው ሰርተፊኬት። በአይፒ ለማጣራት አትድከም፣ በቶከኑ አጣራ። ፊርማውን በጎግል የሕዝብ ቁልፍ አረጋግጥ፣ አውጪው ጎግል መሆኑን፣ ኦዲየንሱ ያንተ መሆኑን፣ ኢሜይሉ የወረፋ ጠሪው መሆኑን እይ። ክላውድ ራን ይሄን ሁሉ ያደርግልህ ነበር፣ እዚህ ግን ራስህ ነህ።

መብራት ሲመለስ የሚያጋጥም አንድ ክፉ ነገር አለ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ሰርቨሩ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈ ዓመት እያሳየ ይነሳል። ያኔ የመጣው ቶከን ሁሉ «ገና ያልደረሰ» ተብሎ ይጣላል፤ ኢንተርኔቱ አለ፣ ሰርቪሱ ተነስቷል፣ ሎጉ ግን 401 ብቻ። ባትሪውን ቀይሩ፣ ክሮኒ (ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጫኑ፣ የድር ሰርቪሱም ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ እንዲነሳ አድርጉ።

ሪትራዩ እንዲህ ይሁን፦ «ሚን ባክኦፍ» (በሙከራዎች መካከል ያለው ትንሹ ጥበቃ) 10 ሰከንድ፣ «ማክስ ባክኦፍ» (ትልቁ) 600፣ «ማክስ ደብሊንግስ» (ጥበቃው ስንት ጊዜ በእጥፍ እንደሚያድግ) 5። ሙከራው በ10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320 ሰከንድ ይራራቅና ከዚያ በየ10 ደቂቃው ይሆናል። 8 ሰዓት መብራት ቢጠፋ ወደ 54 ሙከራ ነው። ነባሪው ሚን ባክኦፍ 0.1 ሰከንድ ነው፤ የጠፋ ሰርቨርን በመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ 10 ጊዜ ማንኳኳት ትርጉም የለውም።

የሙከራውን ማብቂያ ሲያስቀምጡ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ማክስ አተምፕትስ» እና «ማክስ ሪትራይ ዱሬሽን» ሁለቱም ካሉ፣ ሙከራው የሚቆመው ሁለቱም ሲሞሉ ነው፣ አንዱ ሲሞላ አይደለም። ስለዚህ 10 ሙከራና 259,200 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ቀን ብትል፣ 10ኛው ቢያልፍም 3 ቀን እስኪሞላ ይቀጥላል። ለመጋዘን መዝገብ የሚሆነው ይሄ ነው። ለዋጋ ማስታወቂያ ግን 3 ቀን ያረጀ ዋጋ መላክ ጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ላኪው ራሱ የማስታወቂያውን ማብቂያ ሰዓት አይቶ፣ ካለፈ ሳይልክ 200 ይመልስ።

መብራት ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ እንዳይጎርፍ የዚህ ወረፋ ፍጥነት በሰከንድ 1፣ ኮንከረንቱ 2 ይሁን። ከኤስኤምኤሱ ወረፋ ጋር አትቀላቅለው፤ የጠፋ ሰርቨር የሚያመጣው ስህተት የሌላውንም ያዘገየዋል።

ቀይት_60 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:20

ቋሚ አይፒ ከሌላቸውስ? ለእሱ በየወሩ መክፈል አለ።

አንኮበር_ኔት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:31

እንግዲያው ክላውድ ታስክስ አይሆንም ጋሼ፤ እሱ እየገፋ ነው የሚያደርሰው፣ መጥቶ የሚወስድለት ሰው አያስተናግድም። ፐብሰብን (የጎግል የመልእክት ማስተላለፊያ) በፑል (ተቀባዩ ራሱ በሚወስድበት መንገድ) ይጠቀሙ። ሰርቨሩ ሲነሳ ራሱ ወጥቶ ይወስዳል፣ ውጭ የሚታይ አድራሻም ሰርተፊኬትም አያስፈልግ። ያልተወሰደ መልእክት በነባሪው 7 ቀን ይቆያል። ከክላውድ ታስክስ የሚጎድለው የፍጥነት ገደቡና ቀጠሮው ነው፣ ለመጋዘን መዝገብ ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉ።

ጅሁር_07 · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:10

ኦዲየንሱን ቀየርኩ፣ 401ዱ ቀረ። ጽሑፉ 66 ፊደል ሆኗል፣ ታስኩም ለየአባሉ ነው። የመጋዘኑን በፐብሰብ አደርገዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ወጪው እንዴት ነው? ባለፈው ሳምንት ፖዝ ያደረግኩት አሮጌ ወረፋ ውስጥ ያ የሞረትና ጅሩ ታስክ እስካሁን አለ፣ ምን ላድርገው?

ታርማበር · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:35

ወጪው፦ መፍጠር አንድ ኦፕሬሽን፣ እያንዳንዱ የማድረስ ሙከራ አንድ ኦፕሬሽን። ለአንድ ማስታወቂያ 7,200 እና ትንሽ። በወር የመጀመሪያው 1 ሚሊዮን ነፃ ነው፣ አትደርስበትም። ገንዘቡን የሚበላው ኤስኤምኤሱ ነው።

አሮጌውን ወረፋ እንዳትቀጥለው፤ ሪዝዩም ያልክ ጊዜ ታስኩ እንደገና ከአንደኛው ሰው ይጀምራል። ወይ ታስኩን ለብቻው ሰርዘው፣ ወይ ወረፋውን ፐርጅ አድርገው። «ፐርጅ» ማለት ወረፋውን በሙሉ ማጠብ ነው፣ መመለሻ የለውም፣ እስኪሠራም እስከ 1 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ በዚያ መሃል የሚወጣ ታስክ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ፖዝ እንዳለ ፐርጅ አድርግ፣ ባዶ መሆኑን እይ። ወረፋውን ራሱን አትሰርዘው፤ በዚያው ስም እንደገና ለመፍጠር ለቀናት ትጠብቃለህ።

ጅሁር_07 · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:20

ፖዝ እንዳለ ፐርጅ አደረግኩ፣ ባዶ ነው። በአዲሱ ወረፋ ለአንጎለላና ጠራ 800 ላክሁ፤ 2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ። ሰንጠረዡ ላይ 791 «ተልኳል»፣ 9 «አይላክም»። ዘጠኙም ስልካቸው አንድ አሃዝ ጎድሎ የተመዘገበ ነው።